ሰው ከተያዘ በኋላ የፖሊስ ተግባርና ያለ ሕግ ማሰር የሚያስከትለው ኃላፊነት



ማንኛውም መንግሥት ወንጀለኛን የመያዝ ሥልጣን ከሌለው ሕዝቡን ሊጠብቅ አይችልም። ሌባ ካልተያዘ የገበሬው በሬ፣ የነጋዴው ሸቀጥ፣ የመንገደኛውም ሕይወት ዋስትና አይኖረውም። ይሁን እንጂ ሰውን ለመያዝ የተሰጠው ይኸው ሥልጣን ልክና ወሰን ካልተበጀለት፣ ከሌባ እንዲጠብቅ የቆመው ዘብ ራሱ ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራ ይሆናል። ሌባ የሚሰርቀው ንብረትን ነው፤ ያለ ሕግ የሚያስር ሰው ግን የሚሰርቀው ዕድሜን ነው። የተሰረቀ በሬ ቢገኝ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በእስር ያለፈች ሌሊት ግን አትመለስም።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ አንድ ሰው በፖሊስ እጅ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ፖሊሱ ምን ሊፈጽም እንደሚገባው፣ ይህንም ሳይፈጽም ቢቀር ማን፣ በምን ሕግ፣ እስከ ምን ድረስ ኃላፊ እንደሚሆን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ ፖሊሶችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ከመጨረሻው ሲደርስ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ይረዳዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ምሳሌአችንን የምናወጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል አገር ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ፖሊስ ጣቢያውና ፍርድ ቤቱም እዚያው ይገኛሉ። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌም በደሴና በወልዲያ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ነገር ግን የወረዳው ገበሬ የሚበዛው ከጎዳናው ርቆ፣ በገደሉ አፋፍና በአምባው ሥር ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ በከተማና በገደላማ አገር እንዴት እንደሚሠራ አስተያይቶ ለማየት የሚያመች ሥፍራ ነው። ከዚህም በላይ፣ ያለ ጥፋት መታሰር ምን እንደ ሆነ የሚያስታውስ ረጅም ታሪክ ያለው አገር ነው።

ይህም ታሪክ የግሸን አምባ ታሪክ ነው። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን በብዛት ለንግሥ የሚወጡበት የአምባሰሉ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ተይዘው የሚጠበቁበት አምባ ነበር። እነዚህ መሳፍንት ነፍስ አላጠፉም፣ ንብረት አልሰረቁም፤ ወደ አምባው የወጡት ከንጉሥ ዘር በመወለዳቸውና ዙፋን ይሻማሉ ተብሎ በመፈራታቸው ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንኳ ወደ ዙፋን የደረሱት ከዚሁ አምባ ወርደው ነው። ልማዱ በ16ኛው ምእተ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦርነት ተቋረጠ፤ በጎንደር ዘመን ግን ወኅኒ በሚባለው አምባ ላይ እንደ ገና ተጀመረ። ዛሬ የእስረኛ ማቆያውን «ወህኒ ቤት» ብለን የምንጠራውም ከዚሁ አምባ ስም በመነሣት ነው።

የመሳፍንቱ መያዝ አገርን ከእርስ በርስ ጦርነት ለማዳን የተደረገ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በግሸን የተያዘው ሰው ሦስት ነገሮች ጐድለውት ነበር። በምን ጥፋት እንደ ተያዘ የሚነገረው አልነበረም፤ ጉዳዩን የሚመረምርለት ዳኛ አልነበረውም፤ የሚፈታበትም ጊዜ አልታወቀም። እነዚህን ሦስቱን፣ ማለት ምክንያትን፣ ዳኛንና ጊዜን፣ አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። ሰው ከተያዘ በኋላ ሕግ ከፖሊስ የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ዝርዝር ነውና።

አባቶቻችን ይህን ፈጽሞ አያውቁትም ነበር ማለት አይደለም። «በሕግ አምላክ» ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር፤ በዚህ ቃል የተያዘ ሰውም የሚሄደው ወደ ዳኛ ነበር እንጂ ወደ ያዘው ሰው ቤት አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው አብረው የሚሄዱበት የቁራኛ ሥርዓት ለዛሬ ሰው የሚያስቅ ቢመስልም፣ አንድ ብልሃት ነበረበት። ያሳሰረው ሰው ራሱም አብሮ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ቶሎ ከዳኛ ደርሶ እንዲያልቅ ከተከሳሹ ባላነሰ ይፈልግ ነበር። በአውጫጭኝ ጊዜ ግን ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ይቆይ ስለ ነበረ፣ አንዱን ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ ንጹሓን ከሥራቸው ይታገዱ ነበር። የተጻፈው ሕግ የመጀመሪያውን ልማድ ፍጥነት ጠብቆ የኋለኛውን በደል የሚያስቀር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ተጻፈው ሕግ እንለፍ። በ1948 ዓ. ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በ51ኛው አንቀጹ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኞች ፊት እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ በእግር ብቻ ከ48 ሰዓት በማያንስ ጉዞ የሚደረስበት ሲሆን ግን፣ ጊዜውን የማራዘም ሥልጣን ለፍርድ ቤቱ ተሰጥቶት ነበር። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በ29ኛው ቁጥር ያንኑ 48 ሰዓት ደግሞ ከደነገገ በኋላ፣ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው አላስችል ሲል ከዚያ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲቀርብ ፈቀደ። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በ19ኛው አንቀጽ ይህን ሰፊ በር አጠበበው። በእርሱ መሠረት ከ48 ሰዓቱ ውስጥ የማይቆጠረው፣ ሰውየው ከተያዘበት ሥፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በተገቢ ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥት የሕጎች ሁሉ የበላይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሰዓቱ የሚቆጠረው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በግሸን አምባ ሥር ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ገበሬ፣ የጎረቤቱን በሬ ሰርቆ ሸጧል ተብሎ ተከሰሰ እንበል። ፖሊስም በዓርብ ቀን ልክ በ6 ሰዓት፣ በእኩለ ቀን፣ ያዘው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፖሊሱ የሚከተሉት ተግባሮች አሉበት።

አንደኛ፣ የሚይዘው ሰው በእርግጥ የሚፈለገው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ብዙ አሊ፣ ብዙ ይመር፣ ብዙ ካሣ አለ፤ በስም መመሳሰል የተያዘ ሰው ከወንጀሉ ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለውም። የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ ካለ ለሚያዘው ሰው ሊነበብለት፣ ልየው ቢልም ሊታይ ይገባል። ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚቻለው ሰውየው እጅ ከፍንጅ ሲገኝ ወይም ሕጉ ዘርዝሮ በፈቀዳቸው ሁኔታዎች ነው። ለምሳሌ ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሠርቷል ወይም ሊሠራ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖር፣ የ1954ቱ ሕግ ፖሊስ ያለ ትእዛዝ እንዲይዝ ፈቅዷል። ሰውየው በፈቃዱ እጁን ከሰጠ ዱላም ገመድም አያስፈልግም፤ ቢታገል እንኳ የሚፈቀደው ኃይል ለመያዝ የሚበቃው ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የተያዘበትን ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው። «ጣቢያ ስትደርስ ታውቀዋለህ» የሚለው የተለመደ መልስ ሕግን ያፈረሰ መልስ ነው። በሐይቅ ገበያ ከአማርኛ ተናጋሪው ጋራ ከአፋር ቆላ የመጣ ነጋዴና ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ ይገናኛሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ቢያዝ አስተርጓሚ ሊፈለግለት ይገባል። በዚህ አገር ስለ ቋንቋ መጠንቀቅ እንዴት እንደሚያስፈልግ ብዙ መናገር አይገባንም። በዚችው በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ከኢጣሊያ ጋራ የተደረገው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው የሚቻል ተብሎ የተጻፈው በኢጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ ነገሩ እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷል። በሁለት መንግሥታት መካከል አንድ ቃል ይህን ያህል ካደረሰ፣ በአንድ ምስኪን ተከሳሽና በአንድ መርማሪ መካከል ያልተረዳ ቃል ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛ፣ ሰውየው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት በመዝገብ መጻፍ ነው። ይህ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጠቅላላው ነገር መቋጠሪያ ነው። ሕጉ በሰዓት የሚቆጥር ከሆነ፣ መቁጠሪያው የተጀመረበት ሰዓት ካልተጻፈ ሕጉ ተፈጸመ ወይም ፈረሰ ለማለት አይቻልም። መጻፍ ያለበትም ሰውየው መንደሩ ውስጥ የተያዘበት ሰዓት ነው እንጂ ጣቢያው የደረሰበት ወይም ጸሐፊው ከምሳ የተመለሰበት ሰዓት አይደለም። በትክክል የተጻፈ ሰዓት ለተያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ለፖሊሱም መከታ ነው፤ አንድ ቀን ሲከሰስ ከማንም ምስክር ይልቅ የሚያድነው እርሱ ነውና።

አራተኛ፣ በምርመራ ጊዜ የሰውየውን አንደበት አለማስገደድ ነው። መርማሪው ቃሉን ከመቀበሉ በፊት፣ ለመመለስ እንደማይገደድና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነግረው ይገባል። መምታት፣ ማስፈራራት፣ «እመንና ዛሬውኑ ትለቀቃለህ» ብሎ ማባበልም ሁሉ የተከለከለ ነው። ሰው ከሕመም ለመዳን ሲል ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፤ ይህ ሲሆን ንጹሑ ይታሰራል፣ በሬውን የነዳው ሌባም በነጻ ይሄዳል። እንግዲህ በዱላ የተገኘ ቃል ፍትሕን ሁለት ጊዜ ይበድላል።

አምስተኛ፣ ከቤተ ሰቡና ከጠበቃው ጋራ ማገናኘት ነው። የሕገ መንግሥቱ 21ኛ አንቀጽ፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብኣዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹና ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ያዝዛል። ለእስረኛ ስንቅ ይዛ ከአምባሰል ገደል ወርዳ ውጫሌ የደረሰች ሚስት፣ ባሏ የት እንዳለ የሚነግራት አጥታ ከበር ለበር ልትንከራተት አይገባትም። የተያዘው ወጣት ልጅ ከሆነም ከትላልቆቹ እስረኞች ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ስድስተኛ፣ ማቆየቱ የሚያስፈልግ መሆኑን ማመዛዘን ነው። ወንጀሉ ፅኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ወንጀል መሠራቱ ወይም ይህ ሰው መሥራቱ ሲያጠራጥር፣ የ1954ቱ ሕግ በ28ኛው ቁጥር መርማሪው ፖሊስ ራሱ ሰውየውን በዋስ ወይም ያለ ዋስ፣ በተቀጠረው ቀን እንደሚቀርብ አስፈርሞ እንዲለቀው ፈቅዶለት ነበር። ቤት ንብረቱና ልጆቹ በቀዬው ያሉ ገበሬ ወዴት ይሸሻል? ጥርጣሬን ሁሉ በእስር ቤት ማደር የለብንም፤ የታወቀ ዋስም ለብዙው ነገር ይበቃል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ተግባር፣ ሰውየውን በጊዜው ከዳኛ ፊት ማቅረብ ነው። ሒሳቡን እናስላው። ገበሬአችን የተያዘው ዓርብ በእኩለ ቀን ነው፤ 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ በእኩለ ቀን ይሆናል። ከመንደሩ እስከ ውጫሌ ፍርድ ቤት ለመድረስ በእግርና በመኪና 7 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ያ ጊዜ ስለማይቆጠር የመጨረሻው ወሰን እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ይኸው ሰው የተያዘው በሐይቅ ከተማ መካከል ቢሆን ግን ከፖሊስ ጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው መንገድ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፣ ወሰኑ ያው የእሑድ እኩለ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ የጉዞ ጊዜ ያለው መንገዱ የሚፈጀውን ጊዜ ነው፤ መኪናው ለስብሰባ ሄዶ የሚጠበቅበት ሰዓት፣ አዛዡ እስኪመለስ የሚታለፍበት ሌሊት፣ ወረቀቱ እስኪፈረም የሚቆይበት ቀን የጉዞ ጊዜ አይደለም።

«ቅዳሜና እሑድስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ ቅዳሜን፣ እሑድን ወይም በዓልን ከ48 ሰዓቱ አላወጣም። ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተይዞ «እስከ ሰኞ ይቆይ» የሚባልበት ልማድ በብዙ ሥፍራ የታወቀ ነው፤ ልማድ መሆኑ ግን ሕግ አያደርገውም። ለዚህ መፍትሔው ተረኛ ዳኛ እንዲኖር ማድረግ ነው እንጂ የተያዘውን ሰው ተጨማሪ ሌሊት ማቆየት አይደለም።

ሰውየው ከዳኛ ፊት ሲደርስ ዳኛው የተያዘበትን ምክንያት ጠይቆ፣ በዋስ ይለቀቅ ወይም በጥበቃ ሥር ይቆይ ብሎ ይወስናል። ምርመራው ያላለቀ ከሆነ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ የ1954ቱ ሕግ በ59ኛው ቁጥር ይህ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ሰውየውን የሚያቆየው የፖሊስ ሥልጣን ሳይሆን የዳኛ ትእዛዝ ነው። ዳኛ በዋስ ይለቀቅ ካለ በኋላ ጣቢያው «አንድ የቀረ ነገር አለ» ብሎ ቢያዘገየው፣ ያ ማዘግየት ምንም ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ከዚህ ላይ ዋናውን ነገር ግልጥ አድርገን እንናገር። ብዙ ሰዎች እስራት ሕጋዊ ወይም ሕገ ወጥ የሚሆነው በመያዣው ሰዓት ብቻ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። በትክክል የተጀመረ እስራት በመካከሉ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ገበሬአችን ዓርብ ዕለት የተያዘው በበቂ ጥርጣሬ ነው፤ ስለዚህ የዓርቡና የቅዳሜው እስራት ትክክል ነው። እሑድ ማታ 1 ሰዓት አልፎ ከዳኛ ፊት ካልቀረበ ግን፣ ከዚያ በኋላ ያለችው እያንዳንዷ ሰዓት ያለ ሕግ የተወሰደች ናት። በመጨረሻ በእርግጥ ሌባ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ይህ አይለወጥም፤ ሕግ የሌባውንም ሰዓት ይቆጥራልና።

ይህ ሲሆን ለተያዘው ሰው ሦስት መንገዶች ተከፍተውለታል። አንደኛው ቶሎ የሚያስፈታው ነው። የሕገ መንግሥቱ 19ኛ አንቀጽ፣ በጊዜው ያልቀረበ ሰው የአካል ነጻነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን ለመጠየቅ የማይገሠሥ መብት ሰጥቶታል። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከ177ኛው እስከ 179ኛው ቁጥር የዚህን አቤቱታ አሠራር አስቀምጦ ነበር። አቤቱታው በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም ያሰረውን ሰው ወይም ሹም፣ እስረኛውን ይዞ ቀርቦ በምን ሕግ እንደ ያዘው እንዲያስረዳ ያዝዛል። እንግሊዞች ይህን መንገድ በ1679 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕግ አጽንተውት ነበርና፣ በብዙ አገር የታወቀ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወንጀል ክስ ነው። በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በ423ኛው አንቀጽ፣ ሕግን በመተላለፍ ወይም በሕግ የታዘዘውን ሥርዓትና ጥንቃቄ በመጣስ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በፅኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ያዝዛል። ሥርዓቱን መጣስ ብቻውን እንደሚያስቀጣ ልብ ማለት ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ የካሣ ክስ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 2040ኛ ቁጥር፣ ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖረው የሌላውን ሰው ነጻነት የነካና እንደ መብቱ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለ ሰው፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ጥፋተኛ ነው ይላል። እንግዲህ «ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያቆየሁት» ማለት ካሣውን ያሳንስ ይሆናል እንጂ ጥፋቱን አያስቀርም። በዚሁ ሕግ 2126ኛ ቁጥር የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሣ ይከፍላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ መንግሥትን ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን ከአጥፊው ሠራተኛ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በሥልጣኑ ወሰን ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት በቅን ልቡና ያደረገው ሲሆን ነው። በቂም፣ በጉቦ ወይም ለዘመድ ጥቅም ያሰረ ግን የግል ጥፋት አድርጓልና ዕዳው የራሱ ብቻ ነው። ቅን ልቡና እንዳልነበረ የማስረዳት ሸክም ያለበት ከሳሹ ነው።

«የበላዬ አዝዞኝ ነው» የሚለው መልስስ? በ2036ኛው ቁጥር የበላይ ትእዛዝ ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም። ሠራተኛው ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ ለምሳሌ ያዘዘው ሹም ለዚህ ሥልጣን የሌለው መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ራሱ ጥፋተኛ ነው። እምቢ ለማለት የማይቻልበት የዲሲፕሊን ግዴታ የነበረ ሲሆን ግን ሕጉ ያን ያይለታል።

ስለ ካሣው መጠንም እውነቱን መናገር ይገባል። ሰውየው የቀረበትን ገቢና ያወጣውን ወጪ አስረድቶ በልኩ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ግን 2116ኛው ቁጥር ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ውርደት በገበያው ሚዛን እጅግ ረክሷል፤ ይህን ማስተካከል የሕግ አውጪው ፋንታ ነው። ክሱም ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና፣ የተበደለ ሰው ዝም ብሎ ዓመታት ማሳለፍ የለበትም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ. ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ9ኛው አንቀጽ፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ሁሉ ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው አጽንቷል።

በከተማም በገጠርም ስለሚዘወተር አንድ ነገር እንጨምር። ባለዕዳን እስኪከፍል ድረስ በፖሊስ ጣቢያ ማቆየት፣ ወይም ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ ብሎ ሰውን በጥበቃ ሥር ማዋል አለ። ሽምግልና በወሎም ሆነ በሌላው አገራችን የተከበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕርቅ የሚያምረው ሁለቱም ወገን በነጻ እግራቸው ሲመጡ ነው። ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ የሚጠየቀውም በፍርድ ቤት በክስ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የዕዳ መሰብሰቢያ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ጥያቄ የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ 93ኛ አንቀጽ በከባድ አደጋ ጊዜ አንዳንድ መብቶች እንዲገደቡ ይፈቅዳል፤ በአማራ ክልልም በሐምሌ 2015 ዓ. ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በዚህ መሠረት የወጣ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜም ቢሆን ምክንያት አይጠየቅም ማለት አይደለም። ያው አንቀጽ የሚያቋቁመው መርማሪ ቦርድ፣ በአስቸኳይ ጊዜው ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጽ ታዝዟል። ሰብኣዊነት የጐደለው አያያዝን የሚከለክለው 18ኛው አንቀጽም በምንም ጊዜ አይገደብም። ምክንያት፣ ዳኛና ጊዜ ጭራሽ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ዘመን አይተናል። ያን ጊዜ ቀበሌዎች የራሳቸው እስር ቤት ነበራቸው፤ ወደዚያ ከገቡት ብዙዎቹ ከዳኛ ፊት ሳይደርሱ ቀርተዋል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ይህ ሁሉ እናንተን እንዴት እንደሚመለከት በመጀመሪያ ቃል ገብተን ነበር። ሰው የሚታሰረው በፖሊስ እጅ ብቻ አይደለም። «ያን ሰውዬ እስክመለስ ጣቢያ አቆዩልኝ» ብሎ ስልክ የሚደውል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ከባለጉዳይ ጋራ ተጣልቶ ዘበኛው በሩን እንዲዘጋበት የሚያዝዝ ሹም፣ የተያዘበትን ሰዓት አርቆ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ የዳኛውን የመፍቻ ትእዛዝ በመሳቢያ ውስጥ የሚያሳድር መዝገብ ቤት፣ ሁሉም በዚያ ገበሬ እስራት ውስጥ እጃቸው አለበት። ወንጀል ሲፈጸም ደርሶ እጅ ከፍንጅ የያዘ ማንኛውም ሰው እንኳ የተያዘውን ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ማስረከብ አለበት፤ በራሱ ቤት ወይም በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ማቆየት አይችልም።

እንግዲህ በሥራችሁ ላይ ይህን የመሰለ ነገር ባጋጠማችሁ ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። ይህ ሰው በምን ምክንያት ተያዘ? ከየትኛው ዳኛ ፊት ይቀርባል? የመጨረሻው ሰዓት መቼ ነው? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ ሥራው በሕግ መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ እንኳ መልስ ቢያጣ ግን ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ቁሙ። የሰዓቱ ወሰን ሊያልፍ ሲቃረብም ለሚመለከተው አስታውሱ፤ በአፍ ያስታወሳችሁት ካልተሰማ በጽሑፍ አድርጉት። ከዓርብ እስከ እሑድ ማታ ድረስ ሥልጣን በፖሊስ እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የዳኛ ቃል ያልጨመረበት እስራት የሚቆመው በሰው ጉልበት እንጂ በሕግ አይደለም።